አለላ፣ ቂርሚዝ፣ ማጀንታ፦ ስለ ቀይ ቀለም ስሞች የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሐረር ላይ ቀይ የሌለበት ቤት ማግኘት ይከብዳል። ጀጎል ውስጥ አንድ የሐረሪ ቤት ብትገቡ ወለሉ ቀይ ነው፣ መደቡም ቀይ ነው። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ስፌት ውስጥ ቀይ አለ። ወደ ድሬዳዋ ወርዳችሁ ከፊራ ገበያን ብትዞሩም በርበሬው፣ ቲማቲሙ፣ የሴቶቹ ድሪያ፣ ሁሉም ቀይ በቀይ ነው።

ስሙም እንደዚያው ብዙ ነው። በአማርኛ ቀይ፣ በሐረሪ ቄሕ፣ በኦሮምኛ ዲማ፣ በሶማሊኛ ጉዱድ፣ በአረብኛ አሕመር። አንድ የድሬ ልጅ እነዚህን ሁሉ ሳይማር ያውቃቸዋል። ስሞቹ ከየት መጡ ሲባል ግን ጨዋታው ውስጥ ብዙ የተሳሳተ ነገር ይገባል። አንዱ የሰማውን ሌላው ይቀባበለዋል፣ ከዚያ እውነት ሆኖ ይቀራል። እነዚህ ቃላት ውስጥ ያለው እውነተኛ ታሪክ ከተፈጠረው ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። የቀለም ስም አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከሚጨበጥ ነገር ነው፦ ከትል፣ ከአፈር፣ ከጨርቅ። ስሜቱና ምሳሌነቱ በኋላ የሚጫንበት ነው። ይህን ስንረሳ ነው የምንሳሳተው።

ቀይ ማለት የደም ቀለም ብቻ ነው ብሎ ማሰብ

ቀይ ጤፍ ቡናማ ነው። የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ወደ ወይን ጠጅ ይሄዳል። «ቀይ ልጅ ናት» ስንል ቆዳዋ ፈካ ያለ ነው ማለታችን ነው፤ ፊቷ ቲማቲም መሰለ ማለታችን አይደለም። ከአማርኛ ወደ ሌላ ቋንቋ የሚተረጉም ሰው እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ይሰናከላል።

የሐዋርያት ሥራ ላይ ልድያ የምትባል ነጋዴ አለች። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ቀይ ሐር ሻጭ» ይላታል። ግሪክኛው የሚናገረው ግን ከባሕር ቀንድ አውጣ ስለሚወጣው ውድ ሐምራዊ ቀለም ነው። ተርጓሚው ቀይ ያለው ቃሉ ሰፊ ስለሆነ ነው።

ከዚህ ተነስተው «አማርኛ ቀለም አይለይም» የሚሉ አሉ። ይህም ስህተት ነው። ብሬንት በርሊንና ፖል ኬይ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1969 እ.ኤ.አ. የብዙ ቋንቋዎችን የቀለም ስሞች አነጻጽረው አንድ ነገር አስተዋሉ። ሦስት መሠረታዊ የቀለም ስም ብቻ ያለው ቋንቋ ካለ፣ ከጥቁርና ከነጭ ቀጥሎ የሚገኘው ሦስተኛው ቀይ ነው። ቀይ ቀድሞ ስለሚሰየም ሰፊ ግዛት ይይዛል። ቡኒ፣ ብርቱካንማና ሮዝ ኋላ መጥተው ከእሱ ላይ ቆርሰው ወሰዱ። የቆዩት አጠራሮች ግን ባሉበት ቀሩ፤ ጤፉም ቀይ እንደተባለ አለ። ይህ የአማርኛ ጉድለት ሳይሆን የብዙ ቋንቋዎች መንገድ ነው።

ሐረር ላይ ደግሞ «ሐረሪው ቄሕ የሚለውን ከአማርኛ ቀይ ነው የወሰደው» ሲባል ይሰማል። ግእዙን እዩት፤ «ቀይሕ» ይላል። ትግርኛም እስከ ዛሬ ቀይሕ ነው። መጨረሻ ላይ ያለችውን «ሕ» ሐረሪ ይዟታል፣ አማርኛ ጥሏታል። የጣለ ለያዘ አያበድርም። ሁለቱም ቃሉን ከጥንት የወረሱ ዘመዳሞች ናቸው።

አለላ የስፌት ሣር ብቻ ነው ማለት

ስፌት ለምትሰፋ ሴት አለላ ማለት ቀለም የተነከረ ሣር ነው። አረንጓዴም ይሁን ቢጫ፣ ከተነከረ አለላ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው ኢሳይያስ 1፥18ን ሲያነብ ግራ ይገባዋል። «ኃጢአታችሁ እንደ አለላ ብትሆን እንደ አመዳይ ትነጻለች፤ እንደ ደምም ብትቀላ እንደ ባዘቶ ትጠራለች» ይላል። ኃጢአት እንዴት ሣር ይሆናል?

እዚህ ላይ አለላ የገባው በሌላው ትርጉሙ ነው፤ ደማቅ ቀይ ማለት ነው። በዕብራይስጡ በዚህ ጥቅስ ውስጥ ለቀዩ የተጠቀሱት ቃላት ሁለት ናቸው፦ ሻኒና ቶላ። ሻኒ ደማቁን ቀይ ይጠራል፤ አማርኛው አለላ ያለው እሱን ነው። ቶላ ደግሞ ትል ነው፤ ቀይ ማቅለሚያ የሚወጣበት ትል። የአማርኛው ተርጓሚ እዚህ ቦታ ትሉን ትቶ «ደም» አለ። አንባቢው ቶሎ እንዲገባው ብሎ ይመስለኛል። የዕብራይስጡን «የበግ ጠጉር»ም ባዘቶ አድርጎታል፤ ሸማ በሚለበስበት አገር ንጹሕ ነጭ ሲባል ጥጥ ነውና። ጥሩ ትርጉም ነው።

ግን ትሉ ሲወጣ አንድ ነገር አብሮ ይጠፋል። ደም ጨርቅ ላይ ከፈሰሰ በጊዜ ካጠቡት ይለቃል። የትሉ ቀለም ግን ከበግ ጠጉር ጋር በደንብ ከተነከረ አይለቅም። ነቢዩ የመረጠው በሰው እጅ ታጥቦ የማይለቀውን ቀለም ነው። ይህን የሚያውቅ ሰባኪ ጥቅሱን ሲያነብ ሌላ ጉልበት ያገኛል።

ትሉን መርሳት

ከሁሉም የምወደው ታሪክ ይኸው ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

አረብኛ የሚያውቅ ሰው «ቂርሚዚ» የሚለውን ቃል ያውቀዋል። ጥልቅ፣ ሞቅ ያለ ቀይ ነው። ጠይቁ፦ ከየት መጣ? አንዱ ከአበባ ነው ይላችኋል። ሌላው የአገር ስም ነው ይላችኋል። ቂርሚዝ ግን ነፍሳት ናት። በሜዲትራንያን ዙሪያ፣ ከስፔን እስከ ቱርክ፣ እሾሃማ ቅጠል ባላት አጭር የባሉጥ ዛፍ ላይ ተጣብቃ ትኖራለች። ሴቷ አትበርም፣ አትራመድም። አንድ ቦታ ተጣብቃ ታብጣለች፣ አተር የምታክል ክብ ፍሬ ትመስላለች። ሰዎች ለቅመው ያደርቋታል፣ ይፈጯታል፣ ያፈሏታል። ቀይ ይወጣል።

ቃሉ ወደ አረብኛ የገባው ከፋርስ በኩል ነው። ፋርስኛ «ኪርም» ትል ነው። ሳንስክሪትም ትልን «ክሪሚ» ይላታል። ከአረብኛው ደግሞ ወደ አውሮፓ ተሻግሮ እንግሊዝኛው «ክሪምሰን» ሆነ፤ «ካርሚን» የሚባለውም ከዚያው ሥር ነው። የዛሬ ፋርስኛ ቀይን በጠቅላላው «ቄርሜዝ» ይላል። ቱርክኛ «ክርምዝ» ይላል። ቀደም ባለው ጊዜ ሐረርና ድሬ አርመኖች ይኖሩ ነበር፤ በእነሱ ቋንቋ ቀይ «ካርሚር» ነው፣ ያውም ከትሉ።

ከዚህ የሚገርመው ደግሞ የሌሎች ቋንቋዎች ቃላትም እዚያው ትል ላይ መገናኘታቸው ነው። ላቲን ትንሿን ትል «ቬርሚኩሉስ» አላት፤ ፖርቱጋሎች ቀይን «ቬርሜልዩ» የሚሉት ከእሱ ነው። ዩክሬኖች «ቼርቮኒ» ይላሉ፣ እሱም ትል ከሚለው ቃላቸው ነው። ዕብራይስጡን ቶላ አይተናል። ያው ቃል መዝሙረ ዳዊት ላይ «እኔ ግን ትል ነኝ፣ ሰውም አይደለሁም» በሚለው ውስጥ አለ። ዕብራዊ፣ ፋርሳዊ፣ ሮማዊ፣ ስላቭ፤ ሁሉም ቀዩን ሲያዩ ያዩት ጨርቁን ያቀለመችውን ፍጥረት ነው።

ግሪኮች ግን ፍሬ መሰለቻቸው። «ኮኮስ» አሏት፣ ፍሬ ማለት ነው። ለብዙ መቶ ዓመታት ነጋዴዎችም ዘር ነው ብለው ሲሸጧት ኖረዋል። ስለዚህ «ቂርሚዝ የተክል ፍሬ ነው» የሚል ጽሑፍ ብታገኙ አትገረሙ፤ ስህተቱ በጣም አሮጌ ነው። ግን ስህተት ነው።

ስሙ ትል ከሆነ ውስጡም ትል ነው ማለት

እዚህ ላይ ወደ ሌላው ጫፍ የሚሄዱ አሉ። ስም ይጓዛል፤ ዕቃው ግን ባለበት ይቀራል። «ቬርሚሊዮን» የሚባለው ብርቱካን የቀላቀለ ቀይ ስሙ ከትሉ ነው። ቀለሙ ግን ሜርኩሪና ድኝ ያለበት ማዕድን ነው። ትል የለበትም፤ መርዝ አለበት። ሠዓሊዎች ዛሬ ብዙውን ጊዜ በሌላ ተክተውታል።

በተቃራኒው ደግሞ እውነተኛ ነፍሳት ያለበት ነገር ስሙ ምንም ሳይናገር እጃችን ይገባል። ስፔናውያን ሜክሲኮ ሲደርሱ በበለስ ቁልቋል ላይ የምትኖር ሌላ ነፍሳት አገኙ፤ ኮቺኒል ትባላለች። ከቂርሚዝ እጅግ የበለጠ ቀለም ትሰጣለች። ግማሽ ኪሎ ግድም ማቅለሚያ ለማግኘት እስከ 70 ሺህ የሚደርሱ ነፍሳት ያስፈልጋሉ ይባላል። ከሜክሲኮ ከሚላከው ሀብት ከብር ቀጥሎ ትልቁ እስከመሆን ደረሰች። የአሮጌው ዓለም ቂርሚዝም በእሷ ምክንያት ከገበያ ወጣች።

ዛሬም አለች። ከረሜላ፣ እርጎ ወይም ሊፕስቲክ ላይ «ካርሚን» ወይም «ኢ 120» የሚል ካያችሁ ከኮቺኒል የተሠራ ነው። ሐላልነቱን ለሚጠይቅ፣ ጾም ለሚጠብቅ ሰው ይህን ማወቅ ይጠቅመዋል። ፍርዱን ለየሃይማኖቱ አዋቂዎች ልተወው። ግን ኢ 120 የእንጆሪ ቀለም ነው ብሎ ለልጅ መንገር ስህተት ነው።

አገራችንም ከዚህች ነፍሳት ጋር ከባድ ታሪክ አላት። ከሃያ ዓመት በፊት ግድም ለማቅለሚያ ምርት ተብሎ ወደ ትግራይ ገባች። ምርቱ እንደታሰበው አልሄደም። ነፍሳቷ ግን ተዛምታ የገበሬውን በለስ ጎዳች። ለብዙ ቤተሰብ በለስ የክረምት ምግብ ነው። ስለ ቀይ ቀለም ሲወራ ይህ መነሳት አለበት ብዬ አምናለሁ።

ጨርቁን ከቀለሙ መደባለቅ

አጭር ናት ይህቺ። «ስካርሌት» ዛሬ የቀይ ስም ነው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ግን የጥሩ ሱፍ ጨርቅ ስም ነበር፤ ሰማያዊ ስካርሌት፣ አረንጓዴ ስካርሌትም ነበረ። ውዱ ጨርቅ በውዱ ቀይ መነከር ስላዘወተረ ስሙ ወደ ቀለሙ ተሻገረ። እኛ ዘንድ ኦሪት ላይ «ቀይ ግምጃ» የሚለውን አንብቦ ግምጃ ራሱ ቀይ ማለት የሚመስለው አለ። ግምጃ ጨርቁ ነው። ግምጃ ቤትም ከዚያ ነው።

ማጀንታን የደም ቀለም ማድረግ

ማተሚያ ቤት የሠራ ሰው ማጀንታን ያውቃል። ከአራቱ የማተሚያ ቀለሞች አንዱ ነው፤ ወደ ሮዝ የሚያደላ ኃይለኛ ቀይ። ማጀንታ በሰሜን ጣልያን፣ ሚላኖ አጠገብ ያለች ከተማ ናት። በሰኔ 4 ቀን 1859 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይና ሰርዲኒያ ኦስትሪያን ያሸነፉባት ናት። ብዙ የሚወራው «ሜዳው በወታደሮች ደም ስለቀላ ቀለሙ በስሙ ተጠራ» የሚል ነው።

አይደለም። በዚያው ዓመት ፍራንሷ ኢማኑኤል ቬርጌን የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ከድንጋይ ከሰል ዝቃጭ ከሚገኝ አኒሊን አዲስ ቀለም ሠራ። ፉክሲን አለው፤ ፉክሲያ የተባለችውን አበባ ስለሚመስል። አበባዋም ስሟን ያገኘችው ፉክስ ከተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት አዋቂ ነው። ብዙም ሳይቆይ ነጋዴዎች የድሉን ዜና ተከትለው ማጀንታ አሉት። ከማጀንታው ጦርነት ጥቂት ሳምንት በኋላ ሶልፌሪኖ ላይ ሌላ ጦርነት ሆኖ ነበር፤ በእሱም ስም ሌላ ሐምራዊ ቀይ ተሰየመ። ገበያ ነው የሰየማቸው።

ሶልፌሪኖ ላይ የቆሰሉትን አይቶ የተነሳው ሄንሪ ዱናን ነው ቀይ መስቀልን ያስጀመረው። የመስቀሉ ቀይም የደም ምልክት ነው ሲባል ይሰማል። ዓርማው የስዊዘርላንድ ባንዲራ ቀለሙ ተገልብጦ ነው፤ ቀዩ የመጣው ከዚያ ነው።

የሐረሪ ቤት ቀይ ከጨለንቆ ጀመረ ብሎ መደምደም

ይህን በጥንቃቄ ነው የምለው፤ የሰው ሐዘን ያለበት ነገር ነውና።

የሐረሪ ቤት ወለልና ነደባ የሚባለው መደብ የሚቀባው ቀይ ቄሕ አፈር ይባላል። ጎብኚ ይዞ የሚገባ አስጎብኚ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነገር ይናገራል፦ ቀዩ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው። ሐረር ነፃነቷን ያጣችው ያኔ ነው። የወደቁት ልጆቿ ናቸው። ይህን የሚያወሩት ሐረሪዎች ራሳቸው ናቸው፣ ከእናት ወደ ልጅ ሲነገር የመጣ ነው። አክብሮ መስማት ይገባል።

ስህተቱ መታሰቢያውን የስሙ ምንጭ ማድረግ ነው። ስሙ ራሱን ይናገራል፤ ቄሕ አፈር ቀይ አፈር ነው። የሐረር ዙሪያ መሬት ደግሞ ቀይ ነው፤ አፈሩ ከጦርነቱ በፊትም እዚያው ነበረ። ማጀንታ ላይ ስሙ ከጦርነቱ መጣ። እዚህ ግን ቀለሙ ቀድሞ ነበረ፣ ሐዘኑ መጥቶ ዐረፈበት። ይህ ነገሩን አያሳንሰውም። እንዲያውም በየቀኑ የሚረገጥ፣ እንግዳ የሚቀመጥበት አፈር የአባቶችን ስም እንዲሸከም መደረጉ ከማንኛውም ሐውልት የሚበልጥ ይመስለኛል። ሁለቱን ለይቶ መናገር ግን ይቻላል። «አፈሩ ቀይ ስለሆነ ቄሕ አፈር ይባላል፤ ሐረሪዎች ደግሞ በዚህ ቀይ የጨለንቆን ሰማዕታት ያስባሉ» ማለት ይበቃል።

የሚመሳሰል ድምፅ ሁሉ ዘመድ ነው ማለት

«ደማቅ የመጣው ከደም ነው» የሚለው በጣም የተለመደ ነው። ያምራል፣ ግን አይሆንም። ደማቅ ከደመቀ ነው፤ ሥሩ ውስጥ «ቀ» አለች፣ ደም ውስጥ የለችም። ደማቅ ሰማያዊ፣ ደማቅ ቢጫ እንላለን። ገበያም ይደምቃል፣ ሠርግም ይደምቃል።

እኛ አካባቢ ደግሞ አረብኛ ስለሚቀላቀል አሕመርን «ሐምራዊ» ብሎ የሚተረጉም አለ። ሐ፣ መ፣ ረ ሁለቱም ውስጥ አሉ። ግን ዛሬ በአማርኛ ሐምራዊ ወደ ወይን ጠጅ የሚሄደው ቀለም ነው፤ አሕመር ደግሞ ቀይ ነው። ትርጉም ስትሠሩ ድምፁን አትመኑት።

ኤሳው ብኩርናውን የሸጠበት «ቀይ ወጥ»ም እዚሁ ቢነሳ አይከፋም። አንዳንዱ የእኛን በበርበሬ የቀላ ወጥ ያስባል። በርበሬ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ተክል ነው፤ ከኮሎምበስ በፊት እዚህ አልነበረም። የኤሳው ወጥ ምስር ነው፣ ምዕራፉም ዝቅ ብሎ ይናገረዋል። በዕብራይስጡ ቀይ «አዶም» ስለሆነ ኤሳው ኤዶም ተባለ። ይህኛው መመሳሰል እውነት ነው፤ ዘፍጥረት ራሱ ያገናኘዋል።

ሂናና እንሶስላን አንድ ማድረግ

ሁለቱም እጅና እግር ያቀላሉ። ሂና የሞቃት አገር ቁጥቋጦ ቅጠል ነው፤ ደርቆ ይፈጫል። ሲነሳ ብርቱካን ይመስላል፣ በአንድ ሁለት ቀን ወደ ቀይ ቡናማ ይጠልቃል። እንሶስላ ደግሞ የደጋ ተክል ሥር ነው። «እንሶስላ የሂና አማርኛ ነው» ማለት ስህተት ነው። «ጥቁር ሂና» የሚባለው ደግሞ ብዙ ጊዜ የፀጉር ቀለም ኬሚካል የተጨመረበት ነው፤ ቆዳ ያቃጥላል፣ ጠባሳም ይተዋል። ሙሽራ ላይ ባይሞከር ይሻላል።

ስም ብቻ ይዞ ጨርቅ ማዘዝ

ይህ ብር የሚያስወጣ ስህተት ነው። ሐረር የልብስ ሰፊዎች መንገድ መኪና ግርግር ሄዳችሁ ለሠርግ ልብስ «ወይን ጠጅ» ብትሉ አንዱ ልብስ ሰፊ ሐምራዊ ይረዳል፣ ሌላው ጥቁረት ያለው ቀይ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ቃሉ ሁለቱንም ይይዛል። «ቀይ» ብቻ ብትሉ ደግሞ ይብሳል። ድሬ ላለች እህት በስልክ «ያንን ቀይ ግዢልኝ» ማለትም እንደዚያው ነው። ፎቶም አይታመንም፤ ስልክ ቀይን ያበዛዋል።

ቁራጭ ጨርቅ ይዛችሁ ሂዱ። ሱቁ ውስጥ አምፖል ስር ያያችሁትን ደጅ አውጥታችሁ በፀሐይ ድገሙት፤ አንድ የመሰሉ ሁለት ቀዮች እዚያ ይለያያሉ። ጥግ ላይ ነጭ እርጥብ ጨርቅ አሹበት፤ ከለቀቀ ነጭ ልብስ ጋር አይታጠብም። ለሚዜዎች በሙሉ የሚሆነውንም ከአንድ ጣቃ በአንድ ጊዜ አስለኩ። በሚቀጥለው ሳምንት የሚመጣው ጣቃ ስሙ ያው ቢሆንም ሌላ ጊዜ የተነከረ ነው፤ ቀዩ ላይገጥም ይችላል።